ዝገት ለዋጭ በአባዱላ ወለል ላይ፦ ከ11 ወርና ከአንድ ክረምት በኋላ

ዕቃው ባለ ታኒክ አሲድ ዝገት ለዋጭ ነው፤ ዝገት ላይ ተቀብቶ ዝገቱን ወደ ሽፋን የሚለውጥ ፈሳሽ፣ 1 ሊትር። የተቀባው በጥቅምት፣ አልጋና የማብሰያ ቁምሳጥን የተገጠመለት አባዱላ ወለል ላይ ነው። እስከ መስከረም ባሉት 11 ወራት መኪናው ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ በሰሜን ተራሮች ወዳሉት ካምፖች ሳንቃ በርና ጨነቅ ሲመላለስ ከርሟል። ፈሳሹ የደረሰበትን ዝገት አስቁሟል። ያልደረሰበትን ግን ሸፍኖ ከማቆየት አላለፈም። ስለዚህ ገንዘቡ የሚያዋጣው ቁምሳጥኑን ሙሉ በሙሉ ለማውጣት ለቆረጠ ሰው ብቻ ነው።

ውሃው ከየት እንደሚገባ ሳይታወቅ ቀለም መቀባት ድካም ነው። አንደኛው መግቢያ ቁምሳጥኑን ከወለሉ ጋር ያሰሩት ብሎኖች ናቸው፤ ላሜራውን በስተው ስለሚያልፉ ጎማው የሚረጨው ጭቃ በዚያው ቀዳዳ ይሰርጋል። ሌላው የበሩ ግርጌ ላይ ያሉት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ናቸው፤ የበጋው አቧራ ይደፍናቸውና ሰኔ ሲገባ ውሃው በሩ ውስጥ ይተኛል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ ትንፋሽ ነው። ጨነቅ 3,600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። ሁለት ሰው ውስጡ ሲያድር የትንፋሹ እርጥበት ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ጠብታ ይሆናል፤ ከፓኔሉ ጀርባ ያለው ስፖንጅም ጠጥቶት ይከርማል። ሲጨመቅ ውሃ የሚወጣው ስፖንጅ ይጣል፤ አድርቆ መመለስ ሻጋታውን መመለስ ነው።

ቁምሳጥኑ ሲወጣ ቅደም ተከተል ይጠበቅ። የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ይውረድ፣ የውሃው ጀሪካን ይደፋ። ሽቦ ከመነቀሉ በፊት ፎቶ ይነሳ፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፍበት። ከዚያ ፍራሽና የአልጋው ጣውላ፣ ቀጥሎ የላይኛው ቁምሳጥን፣ በመጨረሻ የታችኛው ይወጣል። የታችኛው ከቀደመ የላይኛው ድጋፍ ያጣና የጎኑን ፓኔል ይዞ ይወርዳል። ብሎኑ ዝጎ ጭንቅላቱ ከተበላ ወደ ግራይንደር አይሮጥ፤ የነዳጅ ታንከሩ ከወለሉ ስር ነው፣ ስፖንጁም በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛል። ዘይት ተደርጎበት ይደር፤ እምቢ ካለ ጭንቅላቱ በትራፓኖ ይበሳ። ዘይት የነካው ቦታ ኋላ በሳሙና ካልታጠበ ግን ለዋጩ አይዝም።

ወለሉ ከተጋለጠ በኋላ በካቻቢቴ ጫፍ ይወጋ። ካቻቢቴው ካለፈ ያ ቦታ የለዋጭ ሥራ አይደለም፤ ባትላሜራ ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይድበት። ካላለፈ ልቅ የሆነው ቅርፊት በሽቦ ቡሩሽና በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይነሳ፣ ይታጠብ፣ ሁለት ፀሐያማ ቀን ይድረቅ። ዝገቱ ተፈልፍሎ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ መድረስ አያስፈልግም። ታኒክ አሲድ ቆዳ ፋቂዎች ከዛፍ ልጣጭ የሚያገኙት ዓይነት ንጥረ ነገር ነው፤ ከዝገቱ ጋር ተዋህዶ ጠቆር ያለ፣ በውሃ የማይሟሟ ሽፋን ይሠራል። ዝገት የሌለበት ብረት ላይ የሚዋሃደው ነገር ስለሌለ እዚያ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) በቀጥታ ይቀባል።

ፈሳሹ በፕላስቲክ ኩባያ ተቀንሶ ይሠራበት፤ የተረፈው ወደ ጠርሙሱ አይመለስ፣ ቡሩሹ የነካው ዝገት ቀሪውን ያበላሸዋል። 3 ካሬ ሜትር ለሚሆነው ወለል ሁለት እጅ ተቀብቶ ከግማሽ ሊትር ትንሽ የበለጠ ሄዷል። ከ24 ሰዓት በኋላ ሁለት እጅ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ከዚያ መጋጠሚያዎቹ ላይ የፖሊዩሪቴን ማሸጊያ። ኮምጣጤ የሚሸት ሲልኮን ግን አይነካው፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ራሱ ብረት ያዝጋል።

ከክረምቱ በኋላ ወለሉ ዳግም ሲከፈት ሜዳው ቦታ እንደ ተቀባበት ቀን ነው፤ ጥፍር አይልጠውም። የኋላ ጎማው ጉልላት ላይ፣ ሁለት ላሜራ በተደራረበበት መስመር ግን ነሐሴ ላይ ቡናማ ውሃ ማንባት ጀምሯል። ፈሳሹ በሁለቱ ላሜራ መካከል አልገባም፤ ማሸጊያው ደግሞ እርጥበቱን እዚያው ቆልፎበታል። እንዲህ ያለው ቦታ ቀድሞ በሞቀ አየር ይድረቅ፤ ቀለሙ ካለቀ በኋላ ከስር በኩል ቀጭን ፈሳሽ ሰም ይረጭበት። የተንሸራታች በሩ ደረጃ ላይም መዳፍ የሚያህል ቀለም ተነስቷል። እሱ የተቀባው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነበር፤ ሳይደርቅ የሌሊቱ ጤዛ ወረደበት። ጎንደር ላይ ይህ ሥራ የጥቅምትና የኅዳር ነው፤ ቅቡም ረፋድ ላይ ተጀምሮ ከ8 ሰዓት በፊት ይለቅ።

ርካሹ አማራጭ በዝገቱ ላይ አንቲሩጂን፣ ማለትም ተራውን ፀረ ዝገት ቀለም፣ መቀባት ነው። በዚሁ መኪና የመሣሪያ ሳጥኑ ስር ለንጽጽር ተቀብቶ ነበር፤ ሐምሌ ሳያልቅ ተነፍቶ ተነስቷል።

ቁምሳጥኑ ሲመለስ ወለሉ እንደ አዲስ አይበሳ። የነባሩ ወንበር ብሎን ቀዳዳዎች ይበቃሉ። እግሮቹ ስር 1 ሴንቲ ሜትር ጎማ፣ ከጀርባው 2 ሴንቲ ሜትር የአየር ክፍተት ይተውለት። የውሃው ጀሪካን የሚቀመጥበት የኤምዲኤፍ ጣውላ ጠርዙ አብጦ ስለነበር በኮምፔንሳቶ ተተክቷል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ጠጥቷል፣ እስካሁንም አላበጠም። ከጀሪካኑ ስር እጅ የሚያስገባ ክዳን ከተሠራ በየወሩ ለመዳሰስ ምንም ማውጣት አያስፈልግም።

የተከፈተው ጠርሙስ ክዳኑ ጠብቆ ጥላ ውስጥ ተቀምጦም ሰኔ ላይ ወፍሮ እርጎ መስሏል። የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከተገኘ ሁለት ይገዛ፤ ሁለተኛው እስኪያስፈልግ አይከፈት።