ጂፒኤስና ሳተላይት ሬዲዮ በሞተር ላይ፦ መሀል አዲስ አበባ የሚሠራውና የማይሠራው

ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ ለእረፍት አገር ቤት ስትገቡ የሞተራችሁን ጂፒኤስ ከነሳተላይት ሬዲዮ አንቴናው ሻንጣ ውስጥ ልትከቱ አስባችሁ ከሆነ፣ አንቴናውን እዚያው ተዉት፤ ጂፒኤሱን ግን አምጡት። ከታች ያለው እንደ ጋርሚን ዙሞ 665 ያለ መሣሪያ በኪራይ ሞተር ላይ ተገጥሞ ከመስቀል አደባባይ እስከ ፒያሳ፣ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ ሲሠራ የታየውን ይናገራል። ለመግጠሙ፣ ለኢንተርኔቱና ለነዳጁ የተጠቀምንባቸውን አገልግሎቶችም ይገመግማል።

ሬዲዮው አዲስ አበባ ላይ ዝም የሚለው አንቴናው ተበላሽቶ ወይም ደንበኝነቱ ተቋርጦ አይደለም። የኤክስኤም (ዛሬ ሲሪየስ ኤክስኤም የሚባለው የአሜሪካ የሳተላይት ሬዲዮ) ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ በ85 እና በ115 ዲግሪ ምዕራብ አካባቢ ቆመዋል። አዲስ አበባ ያለችው 38.7 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ቅርብ ከሚባለው ሳተላይት ጋር እንኳ ወደ 124 ዲግሪ የኬንትሮስ ልዩነት አለ፤ እንዲህ ያለ ቋሚ ሳተላይት ደግሞ ልዩነቱ ከ81 ዲግሪ ካለፈ ከአድማስ በታች ይወርዳል። እንጦጦ ጫፍ ብትወጡም አታገኙትም። ከዚያው ምልክት ላይ የሚመጣው የትራፊክ መረጃም አብሮ ይጠፋል፤ በስክሪኑ ላይ መንገዱ ባዶ መስሎ ቢታይ «ዛሬ ጭንቅንቅ የለም» ማለት አይደለም። የሲሪየስ ኤክስኤም የስልክ መተግበሪያም ለአሜሪካና ለካናዳ የተወሰነ ስለሆነ መፍትሔ አይሆንም። ማዳመጥ የምትፈልጉትን ከመነሳታችሁ በፊት አውርዳችሁ ሚሞሪ ካርድ ላይ ጫኑ፤ ዙሞው ኤምፒ3 ያጫውታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሳ ማለፍ አይገባም። ለአፍሪካ የሳተላይት ሬዲዮ ያሰበውና የሠራው አዲስ አበባ የተወለደው ኖኅ ሳማራ ነው። የመሠረተው ዎርልድስፔስ አፍሪስታር የተባለችውን ሳተላይት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 አመጠቀ፤ 21 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለቆመች ከአዲስ አበባ ስትታይ ከፍ ብላ ነበር የምትገኘው። በአሜሪካ ኤክስኤም ሲጀመርም ዎርልድስፔስ ቀደምት ባለድርሻ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ፤ ብዙም ሳይቆይ አገልግሎቱ ተዘጋ። ስለዚህ ዘመድ ቤት ጓዳ የተቀመጠ የዎርልድስፔስ ሬዲዮ ካገኛችሁ ለማስታወሻ አኑሩት እንጂ አንቴናውን ከዙሞው ጋር ለማገናኘት አትድከሙ። የዎርልድስፔስ ሞገድ ከ1467 እስከ 1492 ሜጋኸርዝ ነበር፣ የኤክስኤም 2332.5 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ሁለቱ አይተዋወቁም።

በሳተላይቱ ፈንታ የሚያገለግለው ኤፍኤም ነው፣ ለዚያም ከበቂ በላይ። ሸገር 102.1፣ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ አፍሮ 105.3 መሀል ከተማ ላይ ጥርት ብለው ይሰማሉ። የራስ ቁር ላይ የሚገጠሙት የብሉቱዝ መነጋገሪያዎች ብዙዎቹ ኤፍኤም አላቸው፤ ነገር ግን ከአሜሪካ የተገዛው ወደ አሜሪካ ክልል ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። በዚያ ክልል ፍለጋው በ0.2 እየዘለለ ጎዶሎ አሥርዮሽ ላይ ብቻ ይቆማል፦ 97.1፣ 97.3፣ 97.5 እያለ። በዚህ የተነሳ ኢትዮ ኤፍኤም 107.8 ጨርሶ አይገኝም፤ ሰው ግን ጣቢያው የተዘጋ ይመስለዋል። በመነጋገሪያው የስልክ መተግበሪያ ገብታችሁ የኤፍኤም ክልሉን ከአሜሪካ ወደ ሌላ ቀይሩ፤ ወዲያው ይመጣል።

ወደ ጂፒኤሱ። መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የበራው ቨርጂኒያ ወይም ቶሮንቶ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት የት እንዳለ አያውቅም፤ እዚያ የለመዳቸውን ሳተላይቶች እዚህ ይፈልጋል። ከሞተሩ ላይ አድርጋችሁ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ፣ ሳትንቀሳቀሱ እስከ 15 ደቂቃ ታገሱት። የሁሉም ሳተላይቶች አጠቃላይ መረጃ ተላልፎ እስኪያልቅ 12.5 ደቂቃ ይወስዳል። እየነዱ ማስጀመር ይህን ያራዝመዋል፣ በሕንፃዎች መሀል ደግሞ ይባስ። መስቀል አደባባይ ደረጃው አጠገብ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ቁጥሩ 9.01 ሰሜን፣ 38.76 ምሥራቅ አካባቢ፣ ከፍታው ወደ 2,350 ሜትር ካሳየ ተስተካክሏል ማለት ነው። ከሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ከገባችሁ ግን ምልክቱ ይጠፋል፤ ወጥታችሁ ትንሽ ጠብቁት። የሰዓት ቀጠናውን ናይሮቢ ላይ አድርጉት፣ ያው ከግሪንዊች ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደፊት ነው።

ካርታ፦ የሰሜን አሜሪካው ካርታ እዚህ ባዶ ሜዳ ነው የሚያሳየው። በፈቃደኞች የሚሠራውን የኦፕንስትሪትማፕን የኢትዮጵያ ካርታ ለጋርሚን ተዘጋጅቶ በነፃ ማውረድ ይቻላል። መንገድ መምራት የሚችለውን ዓይነት ምረጡ፣ የቦታ ስሞቹም በላቲን ፊደል የተጻፉበትን ይሁን፤ የድሮዎቹ ዙሞዎች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው ስሙ ባዶ ሆኖ ወይም በጥያቄ ምልክት ይወጣል። ማይክሮ ኤስዲውን በፋት32 ፎርማት አድርጉ፣ ጋርሚን የሚል ፎልደር ክፈቱ፣ ፋይሉን ስሙን ሳትቀይሩ እዚያ አስገቡ። ከዚያ በካርታ መረጃ ሜኑ ውስጥ የኢትዮጵያው ላይ ምልክት አድርጉ። ይህን ሁሉ ከአገር ሳትወጡ ጨርሱት፤ ትልቅ ፋይል በሞባይል ዳታ ማውረድ ገንዘብም ጊዜም ይበላል።

አድራሻ መፈለጊያው ላይ አትመኩ። እኛ አገር ቦታ የሚነገረው በመንገድ ስምና በቁጥር አይደለም፤ «ከባምቢስ ወረድ ብሎ»፣ «ከአምባሳደር ፊት ለፊት» ነው። ስለዚህ የምትሄዱበትን ሰው በስልክ ላይ ያለበትን ቦታ እንዲልክላችሁ ጠይቁና ቁጥሩን ጂፒኤሱ ላይ አስገቡ። ወጥመዱ ቁጥሩ የሚጻፍበት መንገድ ነው። ስልክ የሚልከው 9.0107 በዲግሪ ነው፤ ዙሞው ግን ብዙ ጊዜ በዲግሪና በደቂቃ ነው የሚጠብቀው። 9.0107 ዲግሪ ማለት 9 ዲግሪ ከ0.64 ደቂቃ ነው፤ አሥርዮሹ በ60 ይባዛል። አንድ ሰው ቸኩሎ 9 ዲግሪ ከ1.07 ደቂቃ ብሎ ካስገባው ወደ 800 ሜትር ወደ ሰሜን ይወስደዋል። ማባዛቱን ለመተው በመሣሪያው ላይ የቁጥሩን አቀራረብ አንዴ ወደ ዲግሪ ቀይሩት።

ካርታው አዲስ ካልሆነ መሀል ከተማ ላይ ይሳሳታል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳን፣ ቀጥሎም ካዛንቺስን ቀይሯል፤ ድሮ መታጠፊያ የነበረው ዛሬ የእግረኛ ወይም የብስክሌት መስመር ሊሆን ይችላል። ጂፒኤሱ ግባ ቢላችሁም የብስክሌት መስመር የሞተር አይደለምና አትግቡ። ሌላው ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ቀላል ባቡር ነው። ሐዲዱ መሬት ላይ በሚሄድበት መንገድ በአጥር ስለተዘጋ፣ «ወደ ግራ ታጠፍ» የሚለው ትእዛዝ አጥር ላይ ይጥላችኋል፤ ወደሚቀጥለው መሻገሪያ መቀጠል ነው። ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ደግሞ ሐዲዱ ከላይ ነው፤ ከኮንክሪቱ ሥር ስትነዱ ቀስቱ ወደ ጎን ይዘልላል፣ ወይም ቆሞ ይቀራል። እዚያ መንገዱን በዓይን ነው መያዝ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላም ቦታው አንዳንዴ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ኢትዮጵያ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሳተላይት ምልክት የሚያልፍበት የላይኛው የአየር ክፍል (አዮኖስፌር) ይረበሻል። መሣሪያው ተበላሸ ብላችሁ አትፍቱት።

አሁን ገመዱ፤ ብዙ መሣሪያ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ በኪራይ የሚገኘው ሞተር አብዛኛው እንደ ባጃጅ ቦክሰር ወይም ቲቪኤስ አፓቼ ያለ ትንሽ ሞተር ነው። ከትንንሾቹ ሞተሮች መካከል የፊት መብራታቸው ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከዲናሞ በሚመጣ ኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌክትሪክ) የሚሠራ አሉ። ከዚያ መስመር ላይ ቻርጀር ከተቀጠለ ይቃጠላል፤ ቢተርፍም ጂፒኤሱ እየጠፋ ይበራል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ የፊት መብራቱ ካልበራ ጠርጥሩ፣ ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጋችሁ አረጋግጡ። ትክክለኛው መቀጠያ በቁልፍ የሚከፈተው የክላክስ ወይም የፍሬን መብራት መስመር ነው።

ጂፒኤስ ብቻ ከሆነ ያ ይበቃል። የስልክ ቻርጀርም ከተጨመረ ሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚከፈት ማብሪያ) አስገቡ፤ ቁጥሮቹ እግሮቹ ላይ የተጻፉት ናቸው፦ 30 ቁጥር በፊውዝ በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ 85 ማሳ (የኔጋቲቭ መስመር)፣ 86 ከክላክሱ መስመር፣ 87 ወደ መሣሪያዎቹ። ፊውዙ ለባትሪው ቅርብ ይሁን፣ ከአንድ ጋት አይራቅ። 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ በቂ ነው፤ 5 ቮልት 2 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር 10 ዋት ነው፣ ከባትሪው የሚስበውም ወደ 1 አምፔር ቢጠጋ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት ባትሪውን ለኩ፦ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ተነስቶ ጋዝ ሲሰጠው ከ13.8 እስከ 14.5። ከ15 ካለፈ ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ ባለንብረቱ ሳይቀይረው ምንም አትቀጥሉ። በገመድ ጆሮ ማዳመጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጋዝ ስትሰጡ አብሮ የሚጨምር ፉጨት ይሰማል። ምክንያቱ ማሳው ከሻሲው ላይ መያዙ ነው፤ ገመዱን በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ስትወስዱት ብዙ ጊዜ ይጠፋል። በብሉቱዝ ይህ ችግር የለም።

በዚህ ሥራ ላይ ያየናቸው ባለሙያዎች እኩል አይደሉም። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ጋራዥ ሳይለካ ከፊት መብራቱ ቀጥሎ ገመዱን ጠምዝዞ ናስትሮ ጠቀለለበት፤ ቻርጀሩ በዚያው ቀን ተቃጠለ። ስታዲየም አካባቢ የሠራልን ወጣት አውቶ ኤሌክትሪሺያን ግን ገና ሳይነካው ቴስተር አወጣ፣ መጋጠሚያውን በስታኞ አያይዞ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ አለበሰው፣ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዙሮ ገመዱ እንደማይወጠር አሳየን፣ ከዚያም ሞተሩን አስነስቶ እንደገና ለካ። እጁ የተባረከ ነው። የእጅና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ አስነግራችሁ ተስማሙ፤ ፊውዝና ሪሌይ ግን ከውጭ ይዛችሁ ብትመጡ ይሻላል። አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ብዙ የሥራና የኪራይ ሞተሮች ላይ ባለንብረቱ የሚከታተልበት ሌላ ጂፒኤስ ከኮርቻው ሥር ተደብቋል። ኤሌክትሪሺያኑ ያልታወቀ ገመድ ብሎ እንዳይቆርጠው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከተቆረጠ ከአከራዩ ጋር ያጣላችኋል።

መያዣው ለ22 ሚሊሜትር መሪ የሚሆን፣ ባለ አንድ ኢንች ኳስ ይሁን። የኮብልስቶን መንገድ ብሎን ይፈታል፤ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ቀቡ፣ በየጊዜውም አጥብቁ። በጂፒኤሱ ፈንታ ስልክ የምትጠቀሙ ከሆነ ንዝረት የሚቀንስ መያዣ ግድ ነው፤ የሞተር ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 አስጠንቅቋል። ስትቆሙ መሣሪያውን ነቅላችሁ ኪስ አስገቡ፣ ለሁለት ደቂቃ ማኪያቶም ቢሆን። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ዙሞው ራሱ አይፈራም፤ የሚበላሸው ክዳኑ የተከፈተ የዩኤስቢ ሶኬት ነው።

ስለ ቀሪዎቹ አገልግሎቶች ባጭሩ። ሲም ካርድ በፓስፖርት ይወጣል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም መሀል ከተማ ላይ ለሬዲዮ ስትሪሚንግ የሚበቃ ዳታ ሰጥተውናል። አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሚከፈለው በኤሌክትሮኒክ ብቻ ስለሆነ ሲሙ ላይ ቴሌብር (የኢትዮ ቴሌኮምን የሞባይል ገንዘብ) ሳትከፍቱ ወደ ማደያ አትሂዱ፤ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መቆም ሰልፍ ማስረዘም ነው። ሞተሩን ስትከራዩ ሊብሬውን፣ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን በዓይናችሁ እዩ፤ የውጭ መንጃ ፈቃዳችሁንም አስቀድማችሁ አስለውጡ። ከተማው ከሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞተር እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ስለጣለ፣ ሞተሩ መሀል ከተማ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ እንዳለው በጽሑፍ ጠይቁ። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በሚካሄድበት የካቲት ሰሞን ደግሞ ሞተር ለቀናት የሚታገድበት ጊዜ አለ፤ የጉዞ ቀናችሁ ከዚያ ጋር ከገጠመ ኪራዩን ከጉባኤው በኋላ አድርጉት።