ድሬዳዋ ላይ የአየር ጥራት መለኪያ ይዤ ከረምኩ

ዕቃዋ መዳፍ ታህላለች። በጨረር የአየሩን ብናኝ ትለካለች። ፊቷ ላይ ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይ ቀይ የምታበራ መብራት አላት። ባትሪው ደህና ነው፣ የስልክ መተግበሪያውም ይሠራል። የማወራው ስለ መብራቷ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቤታችን በርጫ አለ። ድሬ ነዋ! በር ገርበብ ይላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሲጋራ ይለኮሳል። እኔ አላጨስም። ግን እንግዳን "ውጭ አጭስ" ማለት እንዴት ተደርጎ? ይሉኝታ ይዞኝ ጭሱን ዝም ብዬ ስምግ ኖርኩ።

ቁጥሩን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የደቃቁ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ በሜትር ኪዩብ ከ15 ማይክሮግራም ባይበልጥ ይመከራል ብላቸው "አቦ፣ አንተ ደሞ!" ብለው ሳቁብኝ። መብራቷን ግን አዩ። ሲጋራ ሲለኮስ ትንሽ ቆይታ ቢጫ ትሆናለች፣ ከዚያ ቀይ። የለኮሰው እሷን ያያል፣ የቀረው ሰው እሱን ያያል። አንድ ቀን ዋናው አጫሽ ማንም ሳይናገረው ተነስቶ ወደ ግቢ ወጣ። አሁን "ቀይ አስበራህ" እየተባባሉ ይተራረባሉ። እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ለዚህ ብቻ ዋጋዋ ይገባታል።

እናቴ ጋ ግን አልሆነላትም። ቡና ላይ ዕጣን ሲጨስ መብራቷ ትቀላለች፤ እናቴ ብድግ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራታለች። "እንግዳ ታሳቅቃለች" ነው ምክንያቷ። ከሰሉን በረንዳ ላይ ማቀጣጠል ጀምራለች፤ ስጠይቃት "ለሙቀቱ ነው እንጂ ለሷ ብዬ መሰለህ?" አለችኝ። እሺ እማ፣ ለሙቀቱ ነው።

ሻጩን ግን አልማረውም። "ሁሉንም መርዝ ታውቃለች" ነበር ያልከኝ። ወንድሜ፣ የከሰሉን ገዳይ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ አታውቅም! ጋዝ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ብናኝ የሚለካው ጨረር አያየውም። ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ብሎ ቢገባ አረንጓዴ ልታበራ ትችላለች። ሰው ደግሞ አረንጓዴ አይቶ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። ይሄ ሲሸጥ መነገር አልነበረበትም? ለጋዙ ሌላ መለኪያ ነው የሚገዛው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ፍም ያለበት ክፍል ውስጥ አይተኛም።

አቧራ ላይም ታስቃለች። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ ተነስቶ ጥርሳችን ሲንቀጫቀጭ እሷ አረንጓዴ ናት። እንዲህ ያሉ ርካሽ መለኪያዎች ደቃቁን እንጂ ሻካራውን ብናኝ በደንብ አይዙም።

ያም ሆኖ አልሸጣትም። የምትገዙ ካላችሁ ቁጥሩን ስልክ ላይ ብቻ የምታሳየውን ተዉት፤ መብራቷ ከሩቅ የምትታየውን ውሰዱ። ሐረር ያለው ወንድሜ ለእነሱ በርጫ አውሰኝ ብሎኛል። አላውስም፣ የራሱን ይግዛ።