የፖከር ሶልቨሬን ከ9 ወር በኋላ ስመዝነው

ሶልቨር የሚባለውን የፖከር ማጥኛ ፕሮግራም በደንበኝነት ከያዝሁ 9 ወር ሞላኝ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን፣ በአንድ ጊዜ ከ40 ደቂቃ ሳላስበልጥ አጥንቼበታለሁ። የምጫወተው በኢንተርኔት፣ ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ፣ በዝቅተኛ መደብ የሚካሄደውን ገደብ የለሽ ቴክሳስ ሆልደም ሲሆን (ሁለት የግል ካርታ ከአምስት የጋራ ካርታዎች ጋር የሚጣመርበት፣ የማስያዣ መጠን ያልተገደበበት ፖከር ነው)፣ ስቀመጥም 100 ቢግ ብላይንድ ይዤ ነው፤ ቢግ ብላይንድ አንድ ተጫዋች ካርታ ሳያይ በግዴታ የሚያስይዘው መጠን ሲሆን፣ ለገንዘብ መለኪያም ያገለግላል። የፕሮግራሙን ስም አልጠቅስም፤ ሶልቨሮች በመሠረታዊ አሠራራቸው ስለሚቀራረቡ ከምለው አብዛኛው ለሌሎቹም ይሠራል። እኔ የያዝሁት ሦስት ክፍሎች አሉት፦ አስቀድመው የተሰሉ ሁኔታዎች ክምችት፣ ጥያቄ እያቀረበ መልስ የሚያርም መለማመጃ፣ እንዲሁም የራስን ሁኔታ አስገብቶ በራስ ኮምፒውተር የማስላት አገልግሎት።

ሶልቨር ምን እንደሚሠራ በቅጡ ሳይረዱ የሚገዙት ብዙዎች ናቸውና (እኔም አንዱ ነበርሁ) አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ተጠቃሚው የሁለቱን ተጫዋቾች ሬንጅ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ሊይዟቸው የሚችሉትን እጆች (የካርታ ጥምረቶች) ስብስብ፣ በፖቱ ውስጥ ያለውን መጠን (እስካሁን የተያዘውን የጋራ ገንዘብ)፣ የቀራቸውን ስታክ ማለትም ገንዘብ፣ እንዲሁም የተፈቀዱትን የማስያዣ መጠኖች ያስገባል። ፕሮግራሙ ከዚያ ራሱን ከራሱ ጋር ደጋግሞ ያጫውታል፤ በእያንዳንዱ ዙር «ሌላውን መርጬ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል አተርፍ ነበር?» የሚለውን ጸጸት ይመዘግብና፣ አለመምረጡ ያስጸጸተውን አማራጭ በሚቀጥሉት ዙሮች አዘውትሮ ይመርጣል። ይህ ሲደጋገም ሁለቱም ወገኖች ስልታቸውን ለብቻቸው ቢቀይሩ ምንም ወደማያተርፉበት የሚዛን ነጥብ ይቀርባሉ፤ ጆን ናሽ በ1950 ያስረዳው ሐሳብ ይኸው ነው። በጸጸት ላይ የተመሠረተው ስሌት እንደ ፖከር ላሉ ትልልቅ ጨዋታዎች በሚያመች መልኩ የቀረበው በ2007 ነበር። በ2015 የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሴፊየስ በተባለው ፕሮግራማቸው ሁለት ሰው የሚጫወተውን ባለገደብ ሆልደም በተግባር እንደፈቱት አሳወቁ፤ በ2017 ደግሞ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ሊብራተስ በገደብ የለሹ ጨዋታ አራት ባለሙያዎችን በ120,000 እጅ (የካርታ እደላ ዙር) ውስጥ አሸነፈ። ሁለቱም የሁለት ሰው ጨዋታ እንደነበሩ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አባከንኋቸው። ከበተን ቦታ (ከፍሎፕ በኋላ መጨረሻ ላይ ከሚወስነው) ሬይዝ አድርጌ፣ ማለትም ማስያዣውን ከፍ አድርጌ፣ ቢግ ብላይንዱን ያስያዘው ተጫዋች ኮል ሲያደርግ፣ ማለትም እኩል ሲከፍል፣ እና ፍሎፑ (መጀመሪያ የሚወጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) ላይ ኪንግ፣ 7 እና 2 በሦስት የተለያየ ምልክት ሲወጡ፣ ሶልቨሩ በአብዛኛው ሬንጄ ትንሽ መጠን፣ የፖቱን አንድ ሦስተኛ ያህል፣ እንዳስይዝ ይነግረኛል። እኔ ግን ይህን አጠቃላይ ሐሳብ ትቼ አንዱ እጅ 63 በመቶ ያስይዛል፣ 37 በመቶ ቼክ ያደርጋል (ሳያስይዝ ያልፋል) የሚለውን ቁጥር እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ እሸመድድ ነበር። ያልገባኝ ነገር ቀላል ነበር፦ በሚዛን ነጥብ ላይ አንድ እጅ ሁለት ምርጫዎችን እያቀላቀለ የሚጫወተው የሁለቱም የሚጠበቅ ትርፍ (በረጅም ጊዜ በአማካይ የሚገኘው) እኩል ስለሆነ ነው። ስለዚህ በዚያች እጅ ከሁለቱ የቱንም ብመርጥ በሚዛኑ ከሚጫወት ሰው ጋር የማጣው ነገር የለም፤ ልሸመድደው የምደክመው ቁጥር ብዙም ዋጋ የሌለው ቁጥር ነበር። ፕሮግራሙ እነዚህን መቶኛዎች በደማቅ ቀለም ፊት ለፊት ማስቀመጡ፣ የትርፉን ልዩነት ግን በትናንሽ ቁጥሮች ከሥር መደበቁ ጀማሪን የሚያሳስት አቀራረብ ነው እላለሁ።

ነገሩ የተለወጠው መልሱን ከማየቴ በፊት ግምቴን በወረቀት ላይ መጻፍ ስጀምር ነው። በመለማመጃው ክፍል ሁኔታው ይቀርብልኛል፤ እኔ ምርጫዬንና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የተሳሳትሁት ምን ያህል የሚጠበቅ ትርፍ እንዳስከፈለኝ አያለሁ። ከ0.1 ቢግ ብላይንድ በታች ያስከፈለኝን ስህተት እንዳላየሁ አልፈዋለሁ፤ ከ1 ቢግ ብላይንድ በላይ የሆነውን ግን ምክንያቱ እስኪገባኝ ድረስ አልለቀውም።

በዚህ መንገድ ካገኘኋቸው ትምህርቶች ውስጥ በገንዘብ የሚተመን ካለ የሪቨሩ፣ ማለትም የመጨረሻው የጋራ ካርታ፣ ነው። ሒሳቡን ድሮም አውቀው ነበር፦ ፖቱ 20 ቢግ ብላይንድ ሆኖ ባላንጣዬ 10 ቢያስይዝ፣ እኔ 10 ከፍዬ 40 ለሚሆን ፖት ስለምወዳደር ኮል ማድረጌ እንዲያዋጣ ከአራት ጊዜ አንዱን ማሸነፍ ይበቃኛል። እሱ ደግሞ 20 ለማግኘት 10 ስለሚያጋልጥ ብለፉ (ደካማ እጅ ይዞ እኔን ለማስለቀቅ ማስያዙ) ከሦስት ጊዜ አንዱ ከተሳካለት ወጪውን ይሸፍናል። የማላውቀው ይህን ሚዛን የምጠብቀው በየትኞቹ እጆች እንደሆነ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የልብ ካርታዎች ወጥተው ሦስተኛው ሳይመጣ ቢቀር፣ በእጄ ያሉት ሁለት የልብ ካርታዎች ኮል ለማድረግ የሚጎዱ ናቸው፤ ፍለሽ (አንድ ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) ፈልጎ ስላላገኘ ብለፍ የሚያደርገው ባላንጣ ሊይዛቸው የሚችላቸውን ካርታዎች እኔው ይዤበታለሁና። በተቃራኒው ሦስት የልብ ካርታዎች ወጥተው እኔ ፍለሽ ሳይኖረኝ የልብ ኤስን ብቻ ብይዝ፣ ከፍተኛውን ፍለሽ ማንም ሊይዘው ስለማይችል ያች እጅ ለብለፍ ከሚመረጡት አንዷ ትሆናለች። ይህን በጽሑፍ አንብቤው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ደጋግሜ ተሳስቼ፣ ስህተቴ በቁጥር ተተምኖ እስካየው ድረስ በጨዋታ መካከል ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የራስን ሁኔታ የማስላቱ ክፍል የኮምፒውተር ማስታወሻን (ሜሞሪ) ያለ ልክ ይበላል። ለእያንዳንዱ ውሳኔ ሁለት ሳይሆን አራት የማስያዣ መጠን ብፈቅድ የጨዋታው ዛፍ (ሊሰሉ የሚገባቸው የውሳኔ ቅርንጫፎች ሁሉ) እጅግ ስለሚያብጥ ኮምፒውተሬ ተጨናንቆ ሥራውን ያቆማል። በሆልደም 22,100 ፍሎፖች ይቻላሉ፤ የምልክት ልዩነት ብቻ ያላቸውን እንደ አንድ ብንቆጥር እንኳ 1,755 ይቀራሉ። ይህን ሁሉ በቤት ኮምፒውተር ላስላ ማለት ከንቱ ድካም ስለሆነ ከሦስተኛው ወር በኋላ በተሰላው ክምችት ብቻ ተጠቅሜያለሁ። ክምችቱም የራሱ ጉድለት አለው። የጨዋታ ጣቢያው ከእያንዳንዱ ፖት የሚቆርጠው ድርሻ በስሌቱ ውስጥ ካልገባ፣ ሶልቨሩ ቢግ ብላይንድ ላይ ላለ ተጫዋች ከሚገባው በላይ ብዙ እጅ ኮል እንዲያደርግ ይመክራል። በዝቅተኛ መደብ ድርሻው ከፖቱ አንጻር ከባድ በመሆኑ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የባሰው የሦስት ሰው ፖት ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኋቸው ድሎች በሁለት ሰው ጨዋታ የተገኙ መሆናቸው ምክንያት አለው፦ የሚዛን ስልት «አትሸነፍም» የሚል ዋስትና የሚሰጠው አንዱ ያጣውን ሌላው በሚያገኝበት የሁለት ሰው ጨዋታ ነው። በ2019 ፕሉሪበስ የተባለው ፕሮግራም ስድስት ሰው በሚጫወትበት ጠረጴዛ ባለሙያዎችን ቢያሸንፍም፣ ያ ዋስትና ለብዙ ሰው ጨዋታ አልተገኘለትም። በዝቅተኛ መደብ ደግሞ ሦስትና አራት ሰው ፍሎፑን አብሮ ማየቱ የተለመደ ነው፤ በእነዚህ ፖቶች ውስጥ ፕሮግራሙ እምብዛም አልረዳኝም።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ፣ በ9 ወር ውስጥ ያጋጠመኝን ትልቁን ነገር የነገረኝ ሶልቨሩ ሳይሆን አንዲት ደብተር ናት። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ብዙ ያጣሁባቸውን እጆች መርምሬ የተሳሳትሁባቸውን «አላወቅሁም» ወይም «አላየሁም» ብዬ እለይ ጀመር። በስድስተኛው ወር «አላወቅሁም» የሚለው ዓምድ በግልጽ ሳስቶ ነበር፤ «አላየሁም» የሚለው ግን ንቅንቅ አላለም። ለምሳሌ ባላንጣዬ የቀረው 18 ቢግ ብላይንድ ብቻ መሆኑን ሳላይ፣ ለ100 የተጠናውን ስልት ተጫውቼበታለሁ። ሬይዝ ያደረገው ሰው ከየትኛው ቦታ እንደሆነ ሳላረጋግጥ ኮል ያደረግሁበትም ጊዜ አለ። እነዚህን ሁኔታዎች በመለማመጃው ላይ ቢያቀርቡልኝ አልሳሳትባቸውም ነበር። አብዛኞቹ የተፈጸሙት ከተቀመጥሁ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ አራት ጠረጴዛ ከፍቼ፣ ስልኬም ከጎኔ እያለ ነው።

ስለዚህ አጨዋወቴን ቀየርሁ። ጠረጴዛዎቹን ከአራት ወደ ሁለት አወረድሁ፤ ስልኬን ሌላ ክፍል ውስጥ እተዋለሁ፤ በየ50 ደቂቃው ለ10 ደቂቃ ተነሥቼ ከክፍሉ እወጣለሁ። በሪቨር ላይ ከመወሰኔ በፊት ደግሞ የባላንጣዬን ስታክና ሊይዝ የሚችለውን ድምፅ አውጥቼ እናገራለሁ፤ ለሰሚ ቢያስቅም ዓይኔን ወደ ጠረጴዛው የሚመልሰው ይህ ልማድ ነው። የመለማመጃውንም አጠቃቀም አስተካከልሁ፦ ሰዓት የማይቆጥር ልምምድ ሰዓት ለሚቆጥር ጨዋታ ስለማያዘጋጅ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ 15 ሰከንድ ብቻ እንዲሰጠኝ አደረግሁ። «አላየሁም» የሚለው ዓምድ መሳሳት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ ፕሮግራሙን ጨዋታ ከመጀመሬ በፊት እዘጋዋለሁ፤ እየተጫወቱ ሶልቨርን ማማከር ትልልቆቹ የጨዋታ ጣቢያዎች የሚከለክሉትና አካውንት የሚያዘጋ ድርጊት ነው።

«ታዲያ ትርፍህ ጨመረ ወይ?» ለሚለኝ፣ ጨምሯል፤ ነገር ግን እንደ ማስረጃ አላቀርበውም። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ውጤት በ100 እጅ ወደ 90 ቢግ ብላይንድ የሚጠጋ መደበኛ ልዩነት (ውጤቱ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቅበት መጠን) አለው። እኔ በ9 ወር የተጫወትሁት ወደ 40,000 እጅ ነው፤ ይህም ባለ 100 እጅ 400 ክፍሎች ማለት ነው። የ400 ካሬ ሥር 20 በመሆኑ አማካይ ውጤቴ በ100 እጅ 4.5 ቢግ ብላይንድ የሚያህል መደበኛ ስህተት አለው፤ 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን ከፈለግሁ ደግሞ ወደ 9 ገደማ ወደላይም ወደታችም ክፍት መተው አለብኝ። የኔ መሻሻል ከዚህ ክፍተት ውስጥ የማይወጣ ስለሆነ ካርታው ራሱ ደግ ሆኖልኝ ሊሆን ይችላል። በሁለት ወር ውስጥ ሶልቨር ትርፋማ አደረገኝ የሚል ምስክርነት ባነበብሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ስንት እጅ እንደተጫወተ ነው።

ሬንጅ ምን እንደሆነ ላልገባው፣ ወይም ከፍሎፕ በፊት የሚጫወታቸውን እጆች ገና ላላስተካከለ ሰው ይህን ፕሮግራም እንዲገዛ አልመክርም፤ ገና የማይጠይቀውን ጥያቄ ይመልስለታል። መሠረቱን ይዞ፣ በሪቨርና በተርን (በአራተኛው የጋራ ካርታ) ለምን እንደሚያጣ ለማይገባው ሰው ግን መለማመጃው ብቻውን ክፍያውን ይክሳል። የኔ ደንበኝነት በሚቀጥለው ወር ያበቃል። የራስን ሁኔታ የማስላቱን አገልግሎት ከጨመረው ከፍተኛ ደረጃ ወርጄ፣ ክምችቱንና መለማመጃውን ብቻ በያዘው ዝቅተኛ ደረጃ ለስድስት ወር አድሳለሁ፤ ደብተሯም ሁለቱን ዓምዶች እንደያዘች ትቀጥላለች።