የመኪና መስታወት ውሃ አራጋፊ፦ ለአዳማ ሾፌር የቱ ያዋጣል?

ሰኔ ሲቃረብ የመኪና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች መደርደሪያ ላይ መስታወት ላይ የሚቀባው የውሃ አራጋፊ ፈሳሽ ጠርሙሶች ይበዛሉ። የሁሉም ሥዕል አንድ ነው፤ ግማሹ መስታወት በዝናብ ደብዝዟል፣ ግማሹ ጥርት ብሏል። ሻጩን የቱ ይሻላል ብትሉት «ሁሉም አሪፍ ነው» ይላችኋል። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

እኔ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ሌላ ነገር አለ። በስንት ፍጥነት ነው የምትነዱት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈሳሹ ዝናቡን አያቆመውም። ውሃው መስታወቱ ላይ እንዳይዘረጋ ያደርግና ሰብስቦ ጠብታ ያደርገዋል፣ በቃ ሥራው ይኸው ነው። ጠብታውን ገፍቶ የሚያወጣው ንፋስ ነው፣ ንፋሱ የሚመጣው ደግሞ ከፍጥነት። በሰዓት 60 እና 70 ኪሎ ሜትር ስታልፉ ጠብታዎቹ እየተንከባለሉ ወደ ጣሪያው ይሸሻሉ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ነገር ነው። አዳማ ከተማ ውስጥ ከፖስታ ቤት ወደ ፍራንኮ በ30 እየተጎተታችሁ ከሆነ ግን ጠብታው ባለበት ቁጭ ይላል፤ ማታ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ረጅም መብራቱን ሲለቅባችሁ እያንዳንዷ ጠብታ ታበራለች፣ ያኔ ያው የድሮው ዋይፐር ነው የሚያድናችሁ።

ስለዚህ ከተማ ውስጥ ብቻ የምትሠሩ፣ በተለይ ባጃጅ ያላችሁ፣ ለፊት መስታወት ውድ የሆነውን አትግዙ። የዋይፐሩን ጎማ ቀይሩ። የአዳማ ፀሐይ በበጋው ጎማውን ያደርቀዋል፣ ክረምት ሲገባ መስታወቱን መጥረጉ ቀርቶ ጭረት እየጣለ ይሄዳል። ጎማው ደርቆ እያለ መስታወቱን የትኛውንም ጠርሙስ ብትቀቡት ገንዘብ ማባከን ነው።

በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ግን ሌላ ናችሁ። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፍጥነቱም አለ። እናንተ ላይ ነገሩ በደንብ ይሠራል። ለእናንተ ጥያቄው የትኛው ነው የሚለው ነው።

ርካሹና የታወቀው ሬይን ኤክስ ነው። በሲሊኮን የተሠራ ነው፣ ከ50 ዓመት በላይ ገበያ ላይ ቆይቷል። ትንሹ ጠርሙስ 103፣ ትልቁ 207 ሚሊ ሊትር ነው። አቀባቡ ቀላል ነው፤ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ማሸት፣ ነጭ ጭጋግ ሲሠራ በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት፣ ከዚያ አንዴ መድገም። ችግሩ አለመቆየቱ ነው። ዋይፐር በሚጠርገው የፊት መስታወት ላይ ዝናብ ከበዛ በሳምንታት ውስጥ መድከም ይጀምራል። ጎን መስታወትና ስፖኪዮ ላይ ግን የሚፍቀው ስለሌለ ብዙ ይከርማል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ የዚህ ጠርሙስ ትልቁ ጥቅም እዚያ ነው። ዝናብ ውስጥ መስመር ልትቀይሩ ስትሉ ከኋላ ያለው ሲኖትራክ በስፖኪዮ አለመታየቱ የፊት መስታወት ከመደብዘዙ በላይ ያስፈራል።

ከሱ ከፍ የሚለው በፍሎሪን የተሠራው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ ምክንያቱም ግላኮ የሚለው የጃፓኑ ስም ሁለቱም ላይ ተጽፎ ይሸጣል። በ75 ወይም በ120 ሚሊ ሊትር የሚመጣው፣ አፉ ላይ ስፖንጅ ያለው ተራው ግላኮ የሲሊኮን ነው። 70 ሚሊ ሊትሩ አልትራ ግላኮ ነው የፍሎሪኑ። «ግላኮ አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ርካሹን በውዱ ዋጋ ይዛችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ አልትራ የሚለውን ራሳችሁ አንብቡ። አምራቹ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል ይላል። እኛ አገር ላይ ያንን በሙሉ አትጠብቁ። ያ አዳማ ጉብታ ላይ የመብራት ተርባይን የሚያዞረው ንፋስ አቧራውንም ይዞ ይወርዳል፣ አቧራው ዋይፐሩ ሥር ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው። ቢሆንም ከሲሊኮኑ በግልጽ ይረዝማል። ክረምቱን በአንድ ቅብ ማለፍ የሚፈልግ፣ በሳምንት ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ይህንን ይግዛ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ደግሞ አኳፔል የሚባለውን ካገኘ ቢያስመጣ ያው የፍሎሪን ወገን ነው፤ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ነገር ነው፣ ከፈታችሁት በኋላ ለነገ አይባልም፣ እንደ ሌሎቹም እስኪደርቅ አይጠበቅም፣ ቶሎ ነው የሚወለወለው።

ሦስተኛው ሴራሚክ የሚባለው ነው። ራሳችሁ ልትቀቡት ትችላላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ግን መኪና የሚያስውቡ ቤቶች ይዛችሁ ሄዳችሁ ነው የሚሠራው፣ የመኪናውን ቀለም በሴራሚክ ሲሸፍኑ መስታወቱንም ይጨምሩበታል። በትክክል ከተሠራ ከሁሉም ይበልጣል፣ አልክድም። ግን የምትከፍሉት ለፈሳሹ ብቻ አይደለም፣ ለዝግጅቱ ነው። መስታወቱ በጥንቃቄ መታጠብ፣ የተጣበቀበት ቆሻሻ ክሌይ በሚባለው ማጽጃ ጭቃ መነሳት፣ ነጠብጣቡ በፖሊሽ መጥፋት፣ በመጨረሻም በአልኮል መጠረግ አለበት። አንድ ጓደኛዬ ቪትዙን ሰጥቶ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ አልቋል ተባለ። በሻይ ሰዓት ያለቀ ሴራሚክ፣ ሴራሚክ ይሁን ውሃ ማንም አያውቅም። እኔ ለፊት መስታወት ብቻ ብዬ ይህን ገንዘብ አላወጣም። መኪናው አዲስ ከሆነና ቀለሙንም ሴራሚክ የምታስቀቡ ከሆነ ግን አብራችሁ አስጨምሩት።

ወደ ዋይፐር ውሃ ጋን የሚጨመርም አለ። ብቻውን ብዙ አይፈይድም። የተቀባውን ዕድሜ ለማስረዘም ግን ደህና ነው፣ ደግሞ ውሃ ጋኑን እንድትሞሉ ያስገድዳችኋል። ከሞጆ ጀምሮ የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች የሚረጩት ጭቃ ያዘለ ውሃ በራሱ ጠብታ ሆኖ አይሸሽም፣ ውሃ ረጭቶ መጥረግ ይፈልጋል፣ እዚያ ላይ አልትራም ሴራሚክም አያድናችሁም።

ድንችና ሳሙና የሚሉ አሉ። ሳሙና የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፤ ውሃው ጠብታ እንዳይሆን ያደርገውና ስስ ሆኖ ይዘረጋል፣ ለትንሽ ጊዜ ጥርት ይላል፣ ሁለተኛው ዝናብ አጥቦት ይሄዳል። መንገድ ላይ ከተቸገራችሁ ይሁን። ድንቹን ለወጥ ተዉት።

የቱንም ብትገዙ ግማሹ ሥራ መስታወቱን ማጽዳት ነው። የኛ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፣ በተለይ ላቫጆ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ላይ። አቼቶ በውሃ ቀላቅላችሁ በጨርቅ ያዙበት፣ አዲሱ ነጠብጣብ ይለቃል። የቆየው ግን የመስታወት ፖሊሽ ይፈልጋል። ንጹሕ መሆኑን የምታውቁት ውሃ ስታፈሱበት ነው፤ ውሃው ሳይቆራረጥ እኩል ከተዘረጋ ዝግጁ ነው፣ እዚህም እዚያም እየተቆራረጠ ከሸሸ ቅባት ወይም የላቫጆ ሰም አለበት። በዚያ ላይ ከቀባችሁ ዋይፐሩ መንቀጥቀጥና መጮህ ይጀምራል፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ፈሳሹን ይረግማል። በደንብ ያልተወለወለ ትርፍ ቅብም እንደዚያው ያስጮኸዋል።

ቀኑ ሳይሞቅ፣ ጥላ ላይ ቅቡ። የጋለ መስታወት ላይ ፈሳሹ ውስጥ ያለው አልኮል ወዲያው ይተንና መስመር መስመር ይሠራል። ጠርሙሱንም መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ እሳት የሚይዝ ነገር ነው። የፊት መብራቱ ሽፋንና የባጃጁ የጎን ላስቲክ ላይ አትሞክሩት፣ ፕላስቲክ ናቸው፣ ይህ የተሠራው ለመስታወት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንድ ነገር ደግሞ አለች። ዝናብ ሲዘንብ ከውስጥ የሚያፍነውን ጉም ያጠፋልኛል ብሎ ውስጠኛውን ገጽ የሚቀባ አለ። እንዳታደርጉት። እንፋሎቱ ጥቃቅን ጠብታ ይሆንና ጭራሽ ይብስባችኋል። ለውስጥ የራሱ ጉም መከላከያ አለው። እሱም ከሌለ ኤሲውን ወደ መስታወቱ አዙራችሁ ልቀቁት፣ ኤሲ የሌለው ደግሞ መስኮቱን ትንሽ ይክፈት፣ ምንም ብር አያስወጣም።