ታሎና ክፉ ናት ወይስ ኃይለኛ?

ቅዳሜ ማታ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ጓደኛዬ ቤት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (በአንድ መሪ እየተመራን፣ ገጸ ባሕርይ ሆነን ዳይስ እየጣልን ታሪክ የምንፈጥርበት ጨዋታ) ስንጫወት ክርክር ተነሳ። በጨዋታው ዓለም የበሽታና የመርዝ አምላክ የሆነችው ታሎና ክፉ ናት ወይስ አይደለችም? ባለ 20 ፊቱ ዳይስ ረከቦቱ ላይ እንደተቀመጠ ቡናው ቀዘቀዘ።

"ክፉ ናት" ያሉት መረጃ አላቸው። የጨዋታው መጽሐፍ ራሱ ክፉ ብሎ ነው የመዘገባት፤ ካህናቷም ሆን ብለው ወረርሽኝ ያዛምታሉ። ለጨዋታ መሪው ይቀላል፦ ካህኑን ፈልግ፣ ግደል፣ መንደሩን አድን። በሦስተኛው ሳምንት ግን ይሰለቻል።

ሌላው ወገን የሚለው፣ ተራው ሰው የሚለምናት ወዷት ሳይሆን ፈርቷት፣ "እባክሽ እለፊን" ለማለት ነው። ጎንደር ላደገ ይህ አዲስ አይደለም። ዛር ያሳምማል፣ ግን ቡና ተፈልቶለት፣ ሽቶ ተረጭቶለት፣ የጠየቀው ዓይነት ዶሮ ታርዶለት ይታረቃል፤ ፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 እዚሁ ከተማ ሆኖ ያጠናው ይህንኑ ነው። አያቴ ዛርን "ኃይለኛ" እንጂ "ክፉ" ስትል ሰምቼ አላውቅም። (ቄሱን ብትጠይቁ ሰይጣን ነው ይላሉ፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።)

እኔ ሁለተኛው ይሻለኛል። ብቻ ልዩነት አለ፦ የታረቀ ዛር ባለቤቱን ይጠብቃል ይባላል፣ የእኛ ጨዋታ ታሎና ግን አንዱን ቤት ስታልፍ ጎረቤቱን ትይዛለች። ያን ማታ በጨዋታችን ውስጥ አንዲት እናት ደጃፏ ላይ ዕጣን አጨሰች፣ ልጇ ዳነ፣ በነጋታው የጎረቤት ልጅ ታመመ። ታሎናን ረስተን እስከ እኩለ ሌሊት የተጨቃጨቅነው በእናትየዋ ነው።