ጡንቻም እመዝናለሁ የሚለው ሚዛን

ልጃችን ከውጭ የላከችልን ሚዛን ነው። ፊቱ መስታወት፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ። ኪሎ ብቻ ሳይሆን ስብና ጡንቻም እነግራችኋለሁ ይላል።

የመጣው ለባለቤቴ ነው። 68 ዓመቱ ነው። አልትራሳውንድ ሲነሳ ጉበቱ ላይ ስብ ተገኘ። መጠጥ በአፉ የማይዞር ሰው! ወዲያው ራት ተወ። ኪሎው ሲወርድ ጎረቤት ሁሉ «ጎሽ» አለው። እኔ ግን ጭኑ ሲሳሳ አያለሁ፤ ቦርጩ እንዳለ ነው። ሚዛኑም ከኪሎው ጋር የጡንቻውን መስመር ቁልቁል አሳየን።

ሐኪሙ ሲያስረዱን፣ ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚቀበለው ጡንቻ ነው። በዕድሜ ጡንቻ ሲያልቅ ተቀባይ ያጣው ስኳር ወደ ጉበት ይዞራል፤ ጉበትም ስብ ያደርገዋል። ስለዚህ ምግብ መቀነሱ ደግ ነው፣ ግን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ካልታከለበት ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል። አሁን ራቱ ተመልሷል፤ በጾም ሽሮና ምስር ጠንከር ይላል፣ እንጀራው ቀነስ። ጠዋት ጠዋት ውሃ የሞላ ሃይላንድ በሁለት እጁ ያነሳል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። በባዶ እግር ሲቆሙበት የማይሰማ ኤሌክትሪክ ይልካል። ውሃ ያለበት ጡንቻ ያሳልፈዋል፣ ስብ ይቋቋመዋል፤ ከዚያ ዕድሜና ቁመት ጨምሮ ይገምታል። ግምት ነው። ያው ሰው ጠዋትና ማታ ሌላ ቁጥር ያወጣል። እኛ ጠዋት ብቻ፣ ከቁርስ በፊት እንመዘናለን፤ የምናየውም የወራቱን አካሄድ ነው። «የውስጥ ስብ» የሚለውን ቁጥር ግን ለጉበት አትውሰዱት፤ ጉበቱን አያየውም። «የሰውነት ዕድሜ» የሚባለውማ ጭራሽ ጨዋታ ነው። ባለቤቴን 74 ብሎት ቀኑን ሙሉ አኮረፈ።

ለጉልበት መለኪያ ወንበር ይሻላል። ክንድ ደረት ላይ አጣጥፎ አምስት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ ነው። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ጡንቻው ስለመድከሙ ሐኪም ማማከር ነው። ይህ ደግሞ በነፃ።

ልግዛው ለምትሉኝ፦ ኪሎ እየቀነሰ ያለ አዛውንት ቤታችሁ ካለ ግዙት። ለሌላው ተራ ሚዛን ይበቃል። የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ የተተከለለት ሰው ግን እንዳይቆምበት።