ቅዳሜ ሜዳ፣ ሰኞ ሥራ፦ ለአዳማ አማተር ነጂ የትኛው ጎማ ያዋጣል?

አዳማ ውስጥ መኪና ጠበቅ አድርጎ መንዳት የሚወድ ሰው አይጠፋም። የሚጠፋው መንጃ ቦታ ነው። «የፍጥነት መንገዱ አለ አይደል?» ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው፦ እሱን እርሱት። የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጎናችሁ ደግሞ ቤተሰብ የጫነ መኪና አለ። እዚህ የማወራው ባለቤቱ በፈቀደው የተዘጋ አስፋልት ወይም ኮንክሪት ሜዳ ላይ ኮን ደርድሮ ስለሚለማመድ ሰው ነው።

የዚህ ሰው መኪና ብዙ ጊዜ ኮሮላ ነው፤ ካልሆነም ቪትዝ ወይ ያሪስ። መኪናውን ጭኖ የሚወስድለት የለም። ለሜዳ ብቻ የሚሆን ትርፍ አራት ጎማም የለውም። ቅዳሜ ሜዳ ላይ ያሰቃየውን ጎማ ሰኞ ሥራ ይሄድበታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽረው ሁለቱንም ኑሮ ታሳቢ አድርጌ ነው።

መጀመሪያ ጎኑን አንብቡ

ጎማ ቤት ገብታችሁ ስለ ብራንድ ከመከራከራችሁ በፊት የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን እዩ። «ትሬድዌር» ከሚለው ቀጥሎ ቁጥር አለ። ይህ በአሜሪካ ደንብ የመጣ ቁጥር ነው። ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንጀሎ አካባቢ ጎማው በሕዝብ መንገድ ላይ 7,200 ማይል፣ ማለትም ወደ 11,600 ኪሎ ሜትር ይነዳል። አበላሉ ከማነጻጸሪያ ጎማ ጋር ይተያያል። 100 መነሻው ነው፤ 400 የተባለው በዚያ ፈተና አራት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ውጤቱን ለራሱ የሚሰጠው አምራቹ ነው። ስለዚህ የአንዱ ፋብሪካ 400 እና የሌላው 400 እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

ከሱ አጠገብ ሁለት ፊደሎች አሉ። «ትራክሽን» የሚለው በእርጥብ መንገድ ቀጥታ እየሄዳችሁ ፍሬን ስትይዙ ያለውን አያያዝ ብቻ ነው የሚናገረው። ኩርባ ላይ እንዴት እንደሚይዝ አይነግራችሁም። «ቴምፕሬቸር» የሚለው ሙቀት መቋቋሙን ያሳያል፤ ኤ ከፍተኛው፣ ሲ ዝቅተኛው ነው። የአዳማን የቀትር አስፋልት ለሚያውቅ ሰው ሲ የተጻፈበትን ጎማ ለሜዳ መግዛት አይመከርም። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው የፍጥነት ፊደልም አለ፦ ቲ 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት። በቪትዝ 210 አትደርሱም፣ አውቃለሁ። ግን ከፍ ያለ ፊደል ያለው ጎማ ብዙውን ጊዜ አካሉ ጠንከር ይላል፤ ሙቀትም የተሻለ ይችላል።

አሁን ወደ እኛ አገር ልዩ ጣጣ ልምጣ። «ዲኦቲ» ከሚለው መስመር መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 3218 ካለ ጎማው የተሠራው በ2018 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት ነው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ማለት ነው። «18»ን የእኛ 2018 አድርጎ የሚያነብ ገዢ አለ፤ ዝም ብሎ የሚያስነብብ ሻጭም አይጠፋም። ስምንት ዓመት ያህል ይሳሳታል ማለት ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ፀሐይ ያየ ጎማ ደግሞ ይባስ ይደርቃል። ለሜዳ ከሆነ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነውን፣ ጥርሱ ምንም አዲስ ቢመስል፣ እኔ አልገዛም።

ሦስቱ ምርጫዎች

መደበኛው የመንገድ ጎማ፣ ትሬድዌሩ 400 እና ከዚያ በላይ፣ አሁን መኪናችሁ ላይ ያለው ነው። ርካሽ ነው፣ በየትም ይገኛል፣ የቪትዝን 165/70 አር 14 መጠን ለማግኘት አያስቸግርም። አያያዙ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። ከመልቀቁ በፊት ይጮኻል። ለጀማሪ ይህ ጩኸት አስተማሪ ነው። እጃችሁና እግራችሁ ምን እያበላሹ እንደሆነ በትንሽ ፍጥነት ይነግራችኋል።

ድክመቱ ብዙ ሰው ከሚገምተው በተቃራኒ ነው። «600 ስለሆነ አያልቅም» ብሎ ሜዳ የሚወስደው አለ። ያ ቁጥር የተገኘው በሰላማዊ መንገድ ነው። አዲስ የመንገድ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ኩርባ ላይ ስትጫኑት ይህ ረጅም ጥርስ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፣ በመወዛወዙም ይሞቃል። ከመጠን በላይ ሲሞቅ ጫፉ ይቀደዳል፤ አንዳንዴም ቁራጭ እየሆነ ይወጣል። በመንገድ ላይ ዓመታት የሚቆይ ጎማ በጥቂት የሜዳ ቀን ትከሻው (የጥርሱ የዳር ጠርዝ) የሚበላው ለዚህ ነው። እንግዲህ ከዚህ የሚገኝ ጥቅም አለ፦ ጥርሱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የወረደ፣ ግን ያልደረቀና ያልተሰነጠቀ ጎማ ለደረቅ ሜዳ ከአዲሱ ይሻላል። ውጭ አገር አዲስ ጎማ ሆን ብለው በማሽን አስልጠው የሚነዱ ተወዳዳሪዎች አሉ። እናንተ በነጻ አግኝታችሁታል።

ስፖርታዊው የመንገድ ጎማ ትሬድዌሩ 300 አካባቢ ነው። ሚሽላን ፓይለት ስፖርት 4 ለምሳሌ 320 ነው። ጎኑ ጠንከር ያለ ነው፣ መሪ ስታዞሩ ሳይዘገይ ይከተላል፣ ሙቀት ይችላል፣ ዝናብ ላይም ጎበዝ ነው። ለሐምሌና ነሐሴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክፉ ጎኑ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ውድ ነው። ሁለተኛ፣ ለትንንሽ ቸርኬ እምብዛም አይሠራም። 13 እና 14 ቸርኬ ያለው ሰው ብዙ ይንከራተታል። 195/60 አር 15 የሚያስገባ ኮሮላ ያለው ግን ዕድሉ ሰፋ ይላል።

ባለ 200 ጎማ የሚባለው የብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ-71አርኤስ፣ የዮኮሃማ አድቫን ኒዮቫ ኤዲ09፣ የሃንኩክ ቬንተስ አርኤስ4 እና የመሰሎቻቸው ሰፈር ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የአማተር ውድድር ምድቦች «ከ200 በታች አይፈቀድም» ስለሚሉ አምራቾች ቁጥሩን እዚያው ላይ ያሳርፉታል። ስለዚህ በ200ና በ200 መካከል የሰማይና የምድር ልዩነት አለ። አርኢ-71አርኤስ ፈጣን ነው፣ ቶሎም ያልቃል። አርኤስ4 ትንሽ ይዘገያል፣ በምትኩ ረጅም ጊዜ ይቆያል። የግድ ከዚህ ምድብ ከገዛችሁ ለልምምድ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ግን ለማን? ባለ 200 ጎማ ሙቀት ካላገኘ አይሠራም። አጭር የኮን ልምምድ ላይ በቀላል መኪና ጎማው ሳይሞቅ ልምምዱ ሊያልቅ ይችላል። ሲሞቅ ደግሞ ሙጫ ይሆንና መንገድ ላይ ያለውን ጠጠርና አሸዋ ሁሉ ይለቅማል። የአዳማ ንፋስና አዋራ እንዴት እንደሆነ መንገር አይጠበቅብኝም። ከታች ያለው ውሃ ማስወጫ ቦይም ጥቂት ነው፤ ውሃ የቋጠረ መንገድ ላይ በፍጥነት ብትገቡ መኪናው ይንሳፈፋል። ሌላም አለ፦ አንዴ ሞቆ አንዴ ሲቀዘቅዝ ላስቲኩ እየጠነከረ ይሄዳል። ጥርሱ ሳያልቅ አያያዙ ያልቃል።

ከ100 በታች ያሉትን፣ ለምሳሌ ባለ 80 የሆነውን ናንካንግ ኤአር-1፣ ለሰኞ ሥራ አታስቡት። የታደሰ ጎማ ደግሞ በፍጹም ሜዳ አይገባም፤ የተለጠፈው ጥርስ በሙቀትና በጎን ግፊት ሊላቀቅ ይችላል። ያገለገለ ጎማ ከውጭ የመጣ ከሆነ የዲኦቲ ቁጥሩን አንብቡ፣ ውስጡን አስፈትታችሁ ፓች መኖሩን እዩ፣ ከዚያ አስቡበት።

አበላሉ ምን ይላል?

ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን ጎማ ጎሚስታ ቤት አስፈትታችሁ መሬት ላይ አስተኙትና እዩት። ይህ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

የፊት ጎማ የውጭ ትከሻ ብቻ ከተበላ ሁለት ምክንያት ይኖራል። ወይ ንፋሱ አንሷል፣ ወይ ኩርባ ላይ መኪናው ተጋድሞ ጎማው በጎኑ እየቆመ ነው። የቤት መኪና ካምበሩ (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያለው ዘመም ማለት) ለሜዳ አልተሠራም፤ ትንሽ መበላቱ የማይቀር ነው። በጣም ከበዛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጂው ነው። ኩርባ ውስጥ በፍጥነት ገብቶ፣ መሪውን አብዝቶ ጠምዝዞ፣ ጎማውን እየፈጨ ይሄዳል። የፊት ጎማ በሚነዳ መኪና የፊቱ ጥንድ ማፍጠንም፣ መዞርም፣ አብዛኛውን ፍሬንም ስለሚሸከም ቶሎ ያልቃል። ውድ ጎማ ይህን አያድንም፤ ይብስበታል።

ሁለቱም ትከሻ ተበልቶ መሐሉ ከቀረ ንፋስ አንሷል። መሐሉ ብቻ ከተበላ በዝቷል። መዳፋችሁን በጥርሱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ አንሸራትቱ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው መጋዝ ከሆነ አላይመንቱ ተዛብቷል። አዲስ ጎማ ከማሰራችሁ በፊት አላይመንት አሠሩ፤ አለዚያ ብሩን አስፋልት ላይ እያፈሰሳችሁ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠፍጥፎ ከተበላ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) የሌለው መኪና ላይ ፍሬን ረግጣችሁ ጎማውን ቆልፋችሁታል። ከሜዳ ስትመለሱ ጥርሱ ላይ የላጲስ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ተጠቅልሎ ብታዩ አትደንግጡ፤ ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ይረግፋል። ጉድጓድ ጉድጓድ የሠራ ወይም የፈነዳ ፊኛ የመሰለ ካያችሁ ግን ላስቲኩ ተቃጥሏል።

ጎማው አቅጣጫ የሌለውና ውጭና ውስጥ ያልተለየለት ከሆነ ጎሚስታው ቸርኬው ላይ ገልብጦ ቢያስርላችሁ የተበላው ትከሻ ወደ ውስጥ ይዞራል። በዚህ ብቻ ጥሩ ዕድሜ ትጨምራላችሁ። ቀስት ያለበት ወይም «ውጭ» ተብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ግን እንዲህ አይገለበጥም።

ንፋስ

በነጻ የሚገኘው ትልቁ ለውጥ ንፋስ ነው። ለዚህ የራሳችሁ መለኪያ ይኑራችሁ። የየጎሚስታው መለኪያ የየራሱን ይናገራል።

ጎማው ሳይሞቅ የሾፌር በር ላይ የተለጠፈውን ልክ ሙሉ። ከዚያ የጎማውን ትከሻ በነጭ ጠመኔ አስምሩ። ጥቂት ዙር ነድታችሁ ውጡና እዩ። ጠመኔው ወደ ጎኑ ወርዶ ከጠፋ ትንሽ ጨምሩ። ትከሻው ላይ ጭራሽ ካልተነካ ቀንሱ። ሲሞቅ ንፋሱ 4 ወይም 6 ፒኤስአይ ቢጨምር የተለመደ ነው። የጎማው አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 1.5 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራልና። ትኩስ ሳለ ከቀነሳችሁ ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉ፤ ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳል።

አዲስ አበባ ያስሞላ ሰው ደግሞ አዳማ ሲደርስ ይለካ። ከ2,300 ሜትር በላይ ወደ 1,600 ገደማ ነው የወረደው። የውጩ አየር ስለሚከብድ መለኪያው ወደ 1 ፒኤስአይ ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ይችላል፤ የአዳማ ሙቀት መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ ተጣፍተው ምንም ላይለወጥ ይችላል፣ ግን በግምት አይነዳም።

ታዲያ የቱን?

14 ወይም 13 ቸርኬ ካላችሁና ገና ከጀመራችሁ፣ ደህና መደበኛ ጎማ፣ ቴምፕሬቸር ኤ፣ የሚገኝ ከሆነ ኤች። የተረፈውን ብር ለፍሬን ሸራና ለአዲስ የፍሬን ዘይት አውሉት። ያረጀ ዘይት ሜዳ ላይ ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ ያኔ የጎማው ብራንድ አይጠቅማችሁም።

15 ቸርኬ ካላችሁ፣ አሮጌው ጎማም እኩል እየተበላ ከሆነ፣ 300 አካባቢ ያለውን ግዙ። ከሦስቱ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ባለ 200ውን ትርፍ አራት ቸርኬ ያለው፣ ሜዳው ድረስ ጭኖ ሄዶ እዚያ የሚቀይር ሰው ይግዛው።

ብር ቢያጥር ለፊት ብቻ ሁለት ጥሩ ጎማ ገዝታችሁ ኋላውን በደረቀ አሮጌ ጎማ አትተዉት። ፊቱ ሲይዝ ኋላው ይለቃል፤ ኩርባ መሐል እግር ከነዳጅ ስታነሱ መኪናው ጀርባውን ያዞራል። ለአራት ባለ 200 የማይበቃ ብር ለአራት ባለ 300 ይበቃ ይሆናል። ለዚያም ካልበቃ አራት አንድ ዓይነት መደበኛ ጎማ ግዙ።